ሴቶች ልጆቻችንና የፊዚክስ ትምህርት

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የቆየ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር አለ፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል። አነጋገሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው፣ ሴት ልጅ ዕውቀት ሊኖራት እንደሚችል አይክድም፤ «ብታውቅ» ብሎ ይጀምራልና። የሚክደው ሌላ ነገር ነው። እርስዋ ብታውቅም ነገሩ የሚፈጸመው፣ ፍርዱ የሚሰጠው፣ ምስጋናውም የሚጻፈው በወንድ ስም ነው ማለቱ ነው። እኔ አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ፊዚክስ በማስተማር ስለ ሆነ፣ ይህን አነጋገር የማየው የሽማግሌ ጨዋታ ማሳመሪያ አድርጌ ሳይሆን በክፍል ውስጥ በየዓመቱ ሲፈጸም የኖረ ነገር አድርጌ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ሴቶች ልጆች ፊዚክስን መማር ይችላሉን? የሚለው አይደለም። ይህ ጥያቄ መልሱን ካገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የምጠይቀው፣ የሚችሉት ልጆች ከመንገድ የሚቀሩት የት ላይ ነው? በሩንስ የሚከፍትላቸው ማን ነው? ብዬ ነው።

ፊዚክስ ስለ ቁስ አካልና ስለ ጉልበት፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሙቀትና ስለ ኤሌክትሪክ የሚመረምር ትምህርት ነው። ይህም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚማሩት አይደለም፤ እጅ ካልነካው ልብ አይቀበለውም። ዳሩ ግን መሣሪያ ስለሚያንስ ለአምስትና ለስድስት ተማሪዎች አንድ መሣሪያ ይደርሳቸዋል። በዚህ ጊዜ ማንም ሳያዝዝ ሥራው በራሱ ሲከፋፈል ደጋግሜ አይቻለሁ። ሽቦውን የሚያገናኘው፣ ሚዛኑን የሚያስተካክለው፣ አምፑሉ ሲበራ የሚያጨበጭበው ወንዱ ነው፤ ውጤቱን በንጹሕ ደብተር ላይ የምትጽፈው ሴቲቱ ናት። ጽሑፍዋ ያምራል፤ እጅዋ ግን መሣሪያውን አልነካም። እንዲህ እያለ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ተማሪዎች አሥረኛን ክፍል ጨርሰው ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን በሚመርጡበት ጊዜ፣ «ፊዚክስ ለሴት ይከብዳል» የሚል ቃል ይሰማል። ሰው ያልነካውን ነገር ቢፈራ አይፈረድበትም።

አንድ ዓመት የመሽከርከርን ሕግ በማስተምርበት ወቅት ከገበያ አንዲት እንዝርትና ጥቂት ባዘቶ ገዝቼ ወደ ክፍል ይዤ ገባሁ። እንዝርትዋን ማን ያሾራታል? ብዬ ስጠይቅ ወንዶቹ ተራ በተራ ሞከሩ፤ እንዝርትዋ ሁለት ሦስት ጊዜ እየዞረች ወደቀች። በኋላ ከገጠር መጥታ ከአክስትዋ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሣች። ባዘቶውን በግራ እጅዋ ያዘች፤ እንዝርቱን በቀኝ እጅዋ አሽከርክራ በለቀቀችው ጊዜ ቀጭን ፈትል እየሳበ ሾረ። ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። እኔም፣ «በእንጨቱ ላይ የተሰካችው ክብ ባትኖር ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቶሎ ይቆማል» አለች።

«ክብዋ ብትሰፋስ?»

«ለማስጀመር ያስቸግራል፤ አንዴ ከጀመረ ግን ቶሎ አይቆምም» ብላ መለሰች።

መጽሐፉ በሁለት ገጽ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ከመሽከርከሪያው ዘንግ የራቀ ክብደት እንቅስቃሴውን ለመጀመርም ሆነ ለማቆም አስቸጋሪ ያደርገዋል። ልጅቱ ሕጉን በእጅዋ ታውቀው ነበር፤ ያላወቀችው ስሙንና ቀመሩን ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው ዕውቀት በእናቶቻችን ቤት ሞልቷል። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው፣ በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳ ጥቂት ውሃ ወደ ውጭ ወጥቶ በሚተንበት ጊዜ ከቀረው ውሃ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። በሰፌድ ሲያነፍሱ ገለባው ከፍሬው የሚለየው፣ አየር ቀላሉንና ሰፊውን ነገር ከከባዱና ከትንሹ ይልቅ ስለሚገፋው ነው። ይህን የምለው ሴት ልጅ ከምድጃው አትራቅ ለማለት አይደለም፤ ፊዚክስ ለሴት ባዕድ ነገር ነው የሚለው አነጋገር መሠረት የሌለው መሆኑን ለማሳየት ነው።

እንዝርትን ካነሣሁ ዘንድ፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ከተደረጉት ታላላቅ ምርመራዎች አንዱን በዚህችው እንዝርት ላስረዳ። እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ ቀኝ የምትሾር እንዝርት አጠገብ መስተዋት ቢያቆሙ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው እንዝርት ወደ ግራ ስትሾር ትታያለች። የፊዚክስ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ተፈጥሮ በቀኝና በግራ መካከል አታዳላም፤ በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ሁሉ በእውነተኛውም ዓለም ሊሆን ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። በ1956 ሊና ያንግ የተባሉ ሁለት ቻይናውያን ሊቃውንት፣ ይህ እምነት ለአንዳንድ የአቶም እምብርት ለውጦች ተመርምሮ እንደማያውቅ ጽፈው ጥያቄ አነሡ። ጥያቄውን በሥራ የፈተነችው ቺየን ሺዩንግ ዉ የተባለች ሴት ናት። ኮባልት 60 የተባለውን ቁስ ብርድ ሊደርስበት ከሚችለው የመጨረሻ ወለል አጠገብ እስኪደርስ አቀዘቀዘችው፤ እንደ እንዝርት የሚሾሩትንም እምብርቶች በማግኔት ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ አሰለፈቻቸው። ከዚያም የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች ብትቆጥር፣ ከእንዝርቱ ከሁለቱ ጫፎች በአንደኛው በኩል የሚወጡት በዝተው ተገኙ። በመስተዋቱ ውስጥ ግን እንዝርቱ ወደ ሌላ በኩል እየሾረ፣ ኤሌክትሮኖቹ በዚያው ጫፍ ሲወጡ ይታያሉ፤ እንዲህ ያለው ነገር በእውነተኛው ዓለም አይደረግም። ተፈጥሮ ቀኝንና ግራን እንደምትለይ በ1957 መጀመሪያ ላይ ታወቀ።

በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ለሊና ለያንግ ተሰጠ። ሁለቱ የሚገባቸውን አገኙ፤ ጥያቄያቸውን በእጅዋ ሥራ እውነት ያደረገችው ሴት ግን አልተጨመረችም።

ሊዜ ማይትነርም እንዲሁ ናት። በ1878 በቪየና ከተማ ተወለደች። በዚያን ዘመን በአገርዋ ለሴቶች ልጆች የሚሰጠው ትምህርት ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ያበቃ ስለ ነበረ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃትን ትምህርት በግል አጥንታ በ1906 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘች። በ1907 ወደ በርሊን በሄደች ጊዜ፣ በኬሚስትሪው ተቋም ሴት ወደ ላይኛው ቤተ ሙከራ እንድትወጣ ስለማይፈቀድ ከምድር ቤት ባለ የአናጢ ክፍል ውስጥ እንድትሠራ ተደረገ። ከኬሚስትሪ ሊቁ ከኦቶ ሃን ጋር ሠላሳ ዓመት ያህል ሠራች። በትውልድዋ አይሁዳዊት ስለ ነበረች በ1938 ከሂትለር መንግሥት ሸሽታ ወደ ስዊድን ገባች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃን ዩራኒየምን በኒውትሮን መትቶ ያገኘው ነገር ግራ ቢያጋባው ለእርስዋ ጻፈላት። እርስዋም ከእኅትዋ ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር በበረዶ ላይ እየተጓዙ ነገሩን አሰላሰሉት፤ የዩራኒየም እምብርት ለሁለት መሰንጠቁንና ከዚያም የሚወጣው ጉልበት ምን ያህል እንደ ሆነ አሰሉ። የ1944 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ግን ለሃን ብቻ ተሰጠ። 109ኛው ንጥረ ነገር በእርስዋ ስም «ማይትነሪየም» ተብሎ የተሰየመው በ1997 ነው፤ ይህም ካረፈች ከ29 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሦስተኛዋ ጆስሊን ቤል ናት። በ1967 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ሳለች፣ ከሰማይ የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ የሚመዘግበውን ረጅም ወረቀት በየቀኑ እየመረመረች ሌላ ሰው ቸል ብሎ የሚያልፈውን ትንሽ ጭረት አየች። ጭረቱ በ1.33 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ሳያዛንፍ የሚመታ ምልክት ሆኖ ተገኘ፤ እየሾረ ሞገድ የሚልክ ፑልሳር የተባለ የኮከብ ዓይነት ነበር። በ1974 ለዚህ ግኝት የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው አስተማሪዋ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚነገር መስሎን ነበር፤ በስቶክሆልምም ማንም ሳይናገረው ሲሠራበት ኖሯል። ከ1901 እስከ 2025 ድረስ የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ካገኙት ከ220 በላይ ሰዎች መካከል ሴቶቹ 5 ብቻ ናቸው፤ ማሪ ኩሪ በ1903፣ ማሪያ ጎፐርት ማየር በ1963፣ ዶና ስትሪክላንድ በ2018፣ አንድሪያ ጌዝ በ2020፣ አን ሉሊየር በ2023። ከመጀመሪያይቱ እስከ ሁለተኛይቱ 60 ዓመት፣ ከሁለተኛይቱ እስከ ሦስተኛይቱ 55 ዓመት አልፏል። ማሪያ ጎፐርት ማየር ለብዙ ዓመታት በየዩኒቨርሲቲው የሠራችው ያለ ደመወዝ ነበር።

ነገር ግን ከእነዚህ ታሪኮች የምንማረው መከፋትን ብቻ አይደለም። በየአንዳንዱ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ቀን የከፈተው በር አለ። በ1903 ከፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የተላከው የጥቆማ ደብዳቤ የቤክሬልንና የፒየር ኩሪን ስም ብቻ ይዞ የማሪን ስም ትቶት ነበር። ሚታግ ሌፍለር የተባለ የስዊድን የሒሳብ ሊቅ ይህን ለፒየር በደብዳቤ ቢያስታውቀው፣ ባልዋ ሥራው የሁለታችን ነውና አብረን እንታሰብ ብሎ ጻፈ፤ ስምዋም ገባ። የቺየን ሺዩንግ ዉ አባት፣ በሻንግሃይ አቅራቢያ ባለችው ትንሽ ከተማቸው ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቁመው ልጃቸውን ያስተማሩት በዚያ ነው። ጆስሊን ቤል በሰሜን አየርላንድ ልጅ ሳለች ወንዶቹ ወደ ሳይንስ ክፍል፣ ሴቶቹ ወደ ቤት ሙያ ክፍል ተላኩ፤ ወላጆችዋ ይህን ተቃውመው ስለ ተከራከሩ እርስዋና ሌሎች ሁለት ሴቶች ልጆች ወደ ሳይንሱ ክፍል ገቡ። ያ ክርክር ባይደረግ ኖሮ ያ ጭረት በወረቀቱ ላይ ማን ያየው ነበር? እርስዋም በ2018 የተሸለመችውን 3 ሚሊዮን ዶላር ለራስዋ ሳታስቀር፣ በፊዚክስ ትምህርት ቦታ ላላገኙ ወገኖች ማስተማሪያ ሰጥታዋለች።

ከእኛም ወገን ምሳሌ አይጠፋም። የግዕዝ መጻሕፍትን በመመርመር ስመ ጥር የነበሩት የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ ሶስና ኃይሌ፣ በ1966 በአዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ ተምራ፣ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጋር በተያያዘው በቁሳቁስ ሳይንስ የታወቀች ፕሮፌሰር ሆናለች። ሥራዋም ነዳጅን ሳያቃጥሉ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሕዋሳትን የሚመለከት ነው። አባትየው የጥንቱን ብራና ሲመረምሩ ልጅቱ የነገውን ጉልበት መመርመርዋ፣ የቀለም ልጅነት በአንድ ዓይነት ትምህርት ብቻ የማይወሰን መሆኑን ያሳያል።

አሁን ወደዚያች እንዝርት አሿሪ ልጅ ልመለስ። ከእርስዋ ጋር በአንድ ወንበር የምትቀመጥ ሌላ ብርቱ ልጅ ነበረች፤ ሁለቱም በክፍሉ ከሚበልጡት ተማሪዎች መካከል ነበሩ። የመስክ ምርጫ ቅጽ የሚሞላበት ሳምንት በደረሰ ጊዜ የእንዝርትዋ ልጅ አባት ከገጠር መጥተው አነጋገሩኝ።

«መምህር፣ ልጄ ጐበዝ ናት ይሉኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይህ ፊዚክስ የሚሉት የወንድ ትምህርት ነው። ቀለል ያለውን ተምራ ቶሎ እንጀራዋን ብትይዝ አይሻልም? ኋላስ ማን ያገባታል?» አሉኝ።

እኔም፣ «እርስዋን ጠይቀዋታል ወይ?» አልኋቸው።

«እርስዋማ ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች?» አሉ፤ ጥቂትም ዝም ብለው ቆይተው፣ «የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ ምን ያደርጉ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«የእኔን ልጅ ጠይቄያት ሕግ መማር እወዳለሁ አለችኝ። የፊዚክስ አስተማሪ ልጅ ሆና ሕግ ተማረች። ተማሪ ብዬ አላስገደድኋትም፤ አትማሪም ብዬም አልከለከልኋትም» አልኋቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበርና ሄደው ለረጅም ጊዜ አነጋገሩዋት። ሲመለሱ፣ «መብራት ከምን እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ ትላለች። እኛ ቀበሌ መብራት አልገባም» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ቅጹን ልጅቱ በገዛ እጅዋ ሞላች። ዛሬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች፤ አግብታም ልጆች ወልዳለች።

የሁለተኛይቱን ልጅ ቅጽ የሞላላት ታላቅ ወንድምዋ ነው። በአጠገብዋ ተቀምጦ፣ አንድም ቃል ሳይጠይቃት፣ ለሴት ይስማማል ያለውን መረጠላት። በዓመቱ ትምህርቱን ትታ ወደ ሌላ አገር ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። በውጤት መዝገቡ ላይ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ነጥብ ብቻ ነበር፤ የምትበልጠውም ይህችው ሁለተኛይቱ ልጅ ነበረች።

እነሆ፣ የጠየቅሁት ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። አንዲት ልጅ ከመንገድ የምትቀረው አእምሮዋ ስላነሰ ወይም ቀመሩ ስለ ከበዳት ሳይሆን፣ በአንድ ትንሽ ሰዓት አንድ ሰው ሳይጠይቃት ስለ ወሰነላት ነው። በሩን የሚከፍተውም እንዲሁ አንድ ሰው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ወይም ከፍ ያለ ሹመት አይደለም።

«ተምራስ የት ትሠራለች?» ለሚሉ ወላጆች አገራችንን ዘወር ብለው እንዲያዩ እለምናቸዋለሁ። በ2025 የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚችል ነው። የሥራውም መሠረት ፋራዴይ በ1831 ያገኘው ሕግ ነው፤ ውሃው ተርባይኑን ያሾረዋል፣ ተርባይኑም ማግኔትን በመዳብ ጥቅል መካከል ያሽከረክራል፣ ከዚያም ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ይህም በእንዝርት አምሳል የሚሾር ነገር መሆኑን ልብ ይሏል። በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ወደ ሰማይ ወጥታለች። በሆስፒታሎቻችን በራጅ የሚታየው አጥንት፣ በጨረር የሚታከመው የካንሰር ሕመምተኛ፣ ሁሉም የፊዚክስ ዕውቀት ያለው ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ በተዘረጋበት አገር ከሕዝቡ እኩሌታ የሚሆኑትን ሴቶች ከትምህርቱ በር መመለስ፣ ሁለት በሬ እያለ በአንድ በሬ ለማረስ እንደ መሞከር ይቆጠራል።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥቂት ቃል ላቅርብ። መምህራን ሆይ፣ መሣሪያው አንድ ብቻ ቢሆንም ተራ አውጡለት፤ ዛሬ የጻፈችው ነገ ሽቦውን ታገናኝ፣ ዛሬ ሽቦ ያገናኘው ነገ ይጻፍ። እናቶች ሆይ፣ ሴቲቱ ልጅ ማታ ውሃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር ወንዱ የሚያጠና ከሆነ፣ የፈተናው ውጤት ከፈተናው ቀን አስቀድሞ በቤታችሁ ተወስኗልና ሥራውን ለሁለቱም አካፍሉ። አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ቅጹን በእርስዋ ፈንታ አትሙሉ።

እናንተም እኅቶቼና ልጆቼ፣ ፊዚክስ አይከብድም ብዬ አላታልላችሁም፤ ይከብዳል። ለወንዱም ይከብደዋል። እርሱ ግን ሲሳሳት «ገና ይማራል» ይባላል፤ እናንተ ስትሳሳቱ «ሴት ስለ ሆነች ነው» ትባላላችሁ። ይህን ቃል ስትሰሙ መሣሪያውን ከእጃችሁ አታውርዱ። አስተማሪያችሁን ጠይቁ፤ ያልገባችሁን ደግማችሁ ጠይቁ፤ በቤታችሁ ያለውን ነገር ሁሉ ለምን እንዲህ ሆነ? ብላችሁ መርምሩ።

አሁን ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ወላጅ፣ ምናልባት በቤቱ ዘንድሮ ወይም በሚመጣው ዓመት መስክ የምትመርጥ ሴት ልጅ ትኖረው ይሆናል። ቅጹን ይዛ በመጣች ቀን ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አጠገቡ አስቀምጦ፣ «ልጄ፣ አንቺ ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃት፤ መልስዋንም እስከ መጨረሻው ይስማ።